ጠፍቶ የነበረው ተኩላ እውነት ተመልሷል? በጂን ኤዲቲንግ እየተሰራ ያለው ነገር ምንድነው

ኤፕሪል 2025 ላይ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኮሎሳል ባዮሳይንስስ የሚባል የአሜሪካ ካምፓኒ ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ዘሩ የጠፋውን ዳየር ዎልፍ የሚባል ትልቅ ተኩላ መልሼዋለሁ ብሎ ሶስት ነጫጭ ቡችሎች ለዓለም አሳየ። ሁለቱ ወንዶች ሮሙለስ እና ሬመስ ይባላሉ፣ ኦክቶበር 2024 ላይ ነው የተወለዱት፣ ሴቷ ካሊሲ ደሞ ጃንዋሪ 2025 ላይ ተከተለች። ፎቶው ወዲያው ሁሉም ጋ ደረሰ፣ ሰውም ሁለት ቦታ ተከፈለ፣ ግማሹ ሳይንስ ሞትን አሸነፈ ሲል ግማሹ ነገሩ ከነጭራሹ ውሸት ነው አለ። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። የተሰራው ነገር በጣም ትልቅ ነው፣ ግን የተባለው ነገር አይደለም፣ እና በተሰራውና በተባለው መሀል ያለው ርቀት ዛሬ በህይወት ያሉ እንስሳት ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

መጀመሪያ እንዴት እንደተሰራ እንይ። ሳይንቲስቶቹ እጅ ላይ የነበሩት ሁለት ቅሪቶች ናቸው፣ አንዱ ኦሃዮ የተገኘ 13 ሺህ ዓመት የሆነው ጥርስ፣ ሌላው አይዳሆ የተገኘ 72 ሺህ ዓመት የሆነው የራስ ቅል። ከነዚህ ላይ የተበጣጠሰ ዲኤንኤ አወጡና አነበቡት፣ ከዛ ዛሬ በህይወት ካለው ከግራጫው ተኩላ ዲኤንኤ ጋር ጎን ለጎን አድርገው የት የት ጋ እንደሚለያዩ አዩ። ቀጥለው ከግራጫ ተኩላ ደም ሴሎች ወሰዱና ክሪስፐር በሚባለው ዲኤንኤን በተፈለገው ቦታ ላይ ቆርጦ ለመቀየር በሚያስችለው ዘዴ (ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑኤል ሻርፐንቲዬ በ2020 ኖቤል የተሸለሙበት ማለት ነው) 14 ጂኖች ላይ 20 ለውጥ አደረጉ። የተለወጠውን ሴል ኒውክለስ (ዲኤንኤው ያለበትን የሴሉን ክፍል)፣ የራሱ ኒውክለስ የወጣለት የውሻ እንቁላል ውስጥ ከተቱት፣ ፅንስ ሲሆን ሴት ውሻ ማህፀን ውስጥ አስገቡት፣ ቡችሎቹም በኦፕሬሽን ተወለዱ። በመሰረቱ ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 የተወለደችበት የክሎኒንግ (ከአንድ ሴል ተነስቶ የእንስሳውን ቅጂ የማስወለድ) ዘዴ ነው፣ አዲሱ ነገር መሀል ላይ የገባው ኤዲቲንግ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ከጥርሱና ከራስ ቅሉ የወጣው ዲኤንኤ ራሱ ቡችሎቹ ውስጥ አልገባም። ተነበበ እንጂ አልተተከለም። የቡችሎቹ ዲኤንኤ የግራጫ ተኩላ ነው፣ ከውሻዋ እንቁላል ጋር አብራ የመጣችው የሚቶኮንድሪያ (ለሴሉ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ትንሽ ዲኤንኤ ስትቀር፣ እና 20 ቦታ ላይ ተነካክቷል።

20 ብዙ ነው ትንሽ? የተኩላ ጂኖም (ሙሉ ዲኤንኤው ማለት ነው) ወደ 2.4 ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደል አለው። ካምፓኒው ሁለቱ እንስሳት 99.5 ፐርሰንት ይመሳሰላሉ ይላል፣ ሲሰሙት አንድ ናቸው የሚያስብል ቁጥር ነው፣ ግን የቀረችውን 0.5 ፐርሰንት ከ2.4 ቢሊዮኑ ስናሰላት 12 ሚሊዮን ገደማ ልዩነት ናት። ከ12 ሚሊዮን ውስጥ 20። ከ20ዎቹም የዳየር ዎልፉን ፊደል በቀጥታ ተከትለው የተደረጉት 15ቱ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት 5 ፀጉር እንደሚያነጡ ከዛሬዎቹ ውሾችና ተኩላዎች የሚታወቁ ለውጦች ናቸው። ለምን መሰላችሁ፣ ዳየር ዎልፉ ቀለም የሚወስኑ ጂኖቹ ላይ የነበረው ለውጥ ግራጫ ተኩላ ውስጥ ቢገባ መስማት አለመቻልና መታወር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ስለተፈራ ነው፣ ስለዚህ ሌላ አስተማማኝ መንገድ መረጡ። ለእንስሳቱ ጤና ተብሎ የተደረገ ነው፣ እኔም ትክክለኛ ውሳኔ ነው የምለው። ግን ሁለት ነገር ያሳየናል። አንደኛ ፎቶው ላይ ዓይናችንን የሳበው ነጭ ፀጉር ከዳየር ዎልፉ በቀጥታ የተቀዳ አይደለም። ሁለተኛው ለኔ የበለጠ ከባዱ ነው፣ አንድ ጂን የሚሰራው ከሌሎቹ ጋር ተናቦ ነው፣ አንዱ እንስሳ ውስጥ ጤነኛ የነበረ ለውጥ ሌላው ውስጥ ሲገባ በሽታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 12 ሚሊዮኑንም የሚቀይር ቴክኖሎጂ ቢመጣ እንኳ አንድ በአንድ እየቀየሩ መሄድ የሚቻል አይመስልም፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው እንስሳ ራሱ በህይወት መቆየት መቻል አለበት።

በርግጥ 12 ሚሊዮኑ ሁሉ ጉዳይ አለው ማለት አይደለም። አብዛኛው የዲኤንኤ ልዩነት እንስሳው ላይ ይሄ ነው የሚባል ነገር አያመጣም፣ ይሄን የካምፓኒውን ክርክር እቀበላለሁ። ጥያቄው የትኛው ጉዳይ እንዳለው ማን ያውቃል ነው። ስለ ፀጉር ርዝመት፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ሰውነት ግዝፈት የሚታወቁ ጂኖች አሉ፣ ስለዚህ ኤዲት የተደረጉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። እንዴት ነበር የሚያድነው፣ በመንጋው ውስጥ ማን ምን ይሰራ ነበር፣ በምን በሽታ ይያዝ ነበር፣ ይሄን የሚወስነው ዲኤንኤ የቱ እንደሆነ አይታወቅም፣ ኤዲትም አልተደረገም። ያገኘነው እንግዲህ መልኩ ወደ ዳየር ዎልፍ የተጠጋ ግራጫ ተኩላ ነው። በ2021 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ሁለቱ የዘር ሐረጎች ከ5 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው የተለያዩት ብሏል፣ በሰውና በቺምፓንዚ መሀል ካለው ርቀት ብዙም አያንስም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (አይዩሲኤን) የውሻና የተኩላ ዝርያ ባለሙያዎች ቡድንም ቡችሎቹ ዳየር ዎልፍ አይደሉም፣ የዳየር ዎልፍ ምትክም ሊባሉ አይችሉም ብሎ መግለጫ አወጣ። የካምፓኒው ዋና ሳይንቲስት ቤዝ ሻፒሮ ራሷ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሰጠችው ኢንተርቪው ላይ እንስሶቹ 20 ኤዲት የተደረገባቸው ግራጫ ተኩላዎች እንደሆኑ ተናግራለች። ይሄ ግን እንደ መጀመሪያው ዜና ሁሉም ጋ አልደረሰም።

አሁን ሰፋ አድርገን እንየው። የጠፋ እንስሳ ለመመለስ መጀመሪያ ዲኤንኤው መኖር አለበት፣ ዲኤንኤ ደሞ እንስሳው ከሞተ ጀምሮ ይፈርሳል። ሞኣ በሚባለው የኒውዚላንድ ወፍ አጥንቶች ላይ በተሰራና በ2012 በወጣ ጥናት ዲኤንኤ እነዛ አጥንቶች በቆዩበት ሁኔታ በየ521 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲሆን በጣም ይዘገያል፣ ለዛ ነው ሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ ከነበረ የማሞዝ (የጠፋው የዝሆን ዘመድ) ጥርስ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ዲኤንኤ ማንበብ የተቻለው። ዳይኖሰር ግን ከጠፋ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል፣ እሱ በቃ አይሆንም፣ ማንም ቁም ነገረኛ ሳይንቲስት አይሞክረውም። ገና ከ100 ዓመት ትንሽ በፊት የጠፋ እንስሳ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። የክሪስማስ ደሴት አይጥ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው የጠፋው፣ በሙዚየም የተቀመጠ ቆዳው አለ፣ ዲኤንኤውም ደህና ነው፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነው ተራው ቡናማ አይጥ ደሞ በሳይንስ እጅግ ከተጠኑት እንስሳት አንዱ ነው። ከዚህ የተመቸ ነገር አይገኝም። ግን በ2022 የወጣው ጥናት እንዳሳየው የጂኖሙ 5 ፐርሰንት ገደማ ሊመለስ አልቻለም፣ ምክንያቱም የተቆራረጠውን ዲኤንኤ ገጣጥሞ ለማንበብ ዘመዱን እንደ መመሪያ ትጠቀማለህ፣ ዘመዱ ላይ በጣም የተለወጠው ቦታ ላይ መመሪያው አያገለግልም። እና የጠፋው 5 ፐርሰንት ውስጥ ምን ነበር? ከማሽተትና በሽታን ከመከላከል ጋር የተያያዙ ጂኖች። አይጥን ያለ ማሽተት አስቡት። ያንን አይጥ ከሌላ አይጥ የሚለየው ነገር በብዛት ያለው ልክ ማንበብ ያልተቻለው ቦታ ላይ ነው።

እውነተኛ ሴል የተገኘበት አንድ ታሪክ አለ፣ እሱ ነው ለኔ ከሁሉም የሚያስተምረው። ስፔን ውስጥ ፒሬኒስ ተራሮች ላይ ቡካርዶ የሚባል የተራራ ፍየል ነበር፣ በአደን ብዛት አልቆ አልቆ መጨረሻ ላይ ሴሊያ የምትባል አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። በ1999 ይዘዋት ከጆሮዋ ትንሽ ቆዳ ወሰዱና ለቀቋት፣ ጃንዋሪ 2000 ላይ ዛፍ ወድቆባት ሞተች። የተቀመጠው ሴል ግን ነበር፣ ሳይንቲስቶቹ በክሎኒንግ ብዙ ፅንስ ሰርተው በሌሎች ፍየሎች ማህፀን ሞከሩ፣ በ2003 አንዲት ግልገል ተወለደች። የሳንባ ችግር ስለነበረባት ከደቂቃዎች በኋላ ሞተች። እና ብትኖርስ? የሴሊያ ክሎን ሴት ነው የምትሆነው፣ ወንድ ቡካርዶ የለም። አንድ እንስሳ መውለድና አንድ ዘር መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዘር ማለት የተለያየ ደም ያላቸው ብዙ ግለሰቦች፣ የሚኖሩበት ቦታ፣ ከእናት የሚማሩት ነገር፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጭምር ነው።

ወደ ማሞዝ ስንመጣ ይሄ ችግር በብዙ እጥፍ ያድጋል። ማሞዝ ዋናው መሬት ላይ ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው ያለቀው፣ ራንጌል በምትባል የአርክቲክ ደሴት ላይ ግን እስከ 4 ሺህ ዓመት በፊት ድረስ ጥቂቶች ነበሩ፣ የጊዛ ፒራሚዶች ተሰርተው ካለቁ በኋላ ማለት ነው። ኮሎሳል በ2028 መጨረሻ የመጀመሪያውን ግልገል እናያለን ብሏል። ሃሳቡ ያው ነው፣ የቅርብ ዘመዱ የሆነውን የእስያ ዝሆን ሴል ወስዶ ፀጉር፣ ስብና ብርድ መቋቋም የሚሰጡ ጂኖችን ማስገባት። ማርች 2025 ላይ ለሙከራ ፀጉራቸው የረዘመ አይጦች ሰርተው አሳይተዋል፣ እንደ ቴክኒክ ጥሩ ስራ ነው፣ ብዙ ጂን ባንዴ ኤዲት አድርጎ ጤነኛ እንስሳ ማስወለድ እንደሚቻል ያሳያል። አይጥ ግን በ3 ሳምንት ትወልዳለች፣ ዝሆን ወደ 22 ወር ታረግዛለች። የእስያ ዝሆን ራሷ ለመጥፋት የተቃረበች እንስሳ ናት፣ አንዲት ሴት ዝሆን ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ለማይቀረው ጊዜ የሷ ያልሆነ፣ ይጨናገፍ አይጨናገፍ የማይታወቅ ፅንስ ስትሸከም የራሷን ዝርያ ልጅ እየወለደች አይደለም። ካምፓኒው ሰው ሰራሽ ማህፀን እንሰራለን ይላል፣ ያ ደሞ ለብቻው ገና ያልተሰራ ነገር ነው። ከተወለደስ በኋላ ማን ያሳድገዋል? ዝሆን የት ውሃ እንዳለ፣ ምን እንደሚበላ፣ ሌላውን እንዴት እንደሚያናግር ከእናቱና ከትልልቅ ሴቶች ነው የሚማረው። ማሞዝ እናት የለችም። አይጥ ላይ ፀጉር ማብቀል ከተቻለ ማሞዝም ቅርብ ነው የሚለውን ወሬ ስሰማ በጣም የምጨነቀው ለዚች መጀመሪያ ለምትወለድ ግልገል ነው፣ ምክንያቱም ብቻዋን ነው የምትሆነው።

ማሞዝ ለአየር ንብረት ይጠቅማል የሚለው ክርክርም አለ። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌ ዚሞቭ ሳይቤሪያ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ ፈረስ፣ ጎሽና ሌሎች ትልልቅ እንስሳትን አምጥቶ እየሞከረው ያለ ሃሳብ ነው፣ እንስሶቹ በክረምት በረዶውን ሲረግጡት ብርዱ ወደ መሬት ይዘልቃል፣ ከስር ያለው ሁሌ በረዶ የሆነው አፈርም አይቀልጥም፣ ውስጡ የታመቀው ካርቦንም አይወጣም። ሃሳቡ ራሱ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ግን ስፋቱን አስቡት፣ አርክቲክ ሚሊዮኖች ስኩዌር ኪሎሜትር ነው፣ ዝሆን ለመውለድ ከ10 ዓመት በላይ ማደግ አለባት፣ ውጤት የሚያመጣ መንጋ እስኪኖር ብዙ አስርት ዓመታት ያልፋል፣ አፈሩ ግን አሁን ነው እየቀለጠ ያለው። በዛ ላይ ፈረስና ጎሽ አሁንም አሉ፣ ለመርገጥ ላብራቶሪ ውስጥ መሰራት አያስፈልጋቸውም።

ወፎችን በአጭሩ ልለፋቸው። ወፍ እንደ በግ ወይ እንደ ውሻ ክሎን አይደረግም፣ እንቁላሉ ትልቅ ነው፣ ሲጣል ደሞ ፅንሱ ማደግ ከጀመረ ቆይቷል። ስለዚህ ዶዶ ለሚባለው ለጠፋው የሞሪሸስ ደሴት ወፍ የታሰበው መንገድ ወደፊት እንቁላልና የወንድ ዘር የሚሆኑትን ሴሎች ኤዲት አድርጎ ሌላ ወፍ ውስጥ መክተት ነው፣ ሴሉ የሚወሰደው ከቅርብ ዘመዱ ከኒኮባር እርግብ ነው፣ ውጤቱ የሚታየውም በሚቀጥለው ትውልድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግበኝ እንስሶቹ የጠፉበት ምክንያት ነው። ዶዶ ሞሪሸስ ላይ ያለቀው መርከበኞች ስለበሉት ብቻ አይደለም፣ አብረዋቸው የመጡት አይጥ፣ አሳማና ጦጣ እንቁላሉን ስለጨረሱት ጭምር ነው። የአውስትራሊያው ታይላሲን (የታዝማኒያ ነብር የሚባለው) በግ ይበላል ተብሎ ከ1888 እስከ 1909 የታዝማኒያ መንግስት ለገደለ ሰው ገንዘብ ይከፍል ነበር፣ ከ2 ሺህ በላይ ክፍያ ተፈፅሟል። በህግ የተጠበቀ እንስሳ ነው የተባለው በ1936 ነው፣ ከ59 ቀን በኋላ ሆባርት መካነ አራዊት ውስጥ የነበረው የመጨረሻው ሞተ። ፓሴንጀር ፒጅን የሚባለው የሰሜን አሜሪካ እርግብ በቢሊዮን ይቆጠር ነበር፣ በጥይትና በወጥመድ አለቀ፣ የመጨረሻዋ ማርታ ሴፕቴምበር 1914 ሲንሲናቲ ውስጥ ሞተች። እነዚህን ያጠፋቸው የሰው ውሳኔ ነው፣ ያንን ውሳኔ ደሞ የሚያርመው ላብራቶሪ አይደለም። ጫካው ከሌለ፣ አዳኙ ካለ፣ ከውጪ የመጣችው አይጥ አሁንም ደሴቷ ላይ ካለች፣ ዛሬ የተሰራው እንስሳ ነገ የት ነው የሚለቀቀው? ሶስቱ ቡችሎችም የሚኖሩት በታጠረ ቦታ፣ በሰው እጅ እየተመገቡ ነው።

አንድ ነገር እንዲጠፋ ከተፈቀደ በኋላ ይመለሳል ብሎ ማመን አደጋ አለው፣ ይሄ ደሞ በሃሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። የዳየር ዎልፉ ዜና በወጣ ሰሞን የአሜሪካ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳግ በርገም ዜናውን በደስታ ተቀብለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ከሚጠብቀው የመንግስት ህግና ቁጥጥር ይልቅ መፍትሄው ፈጠራ ነው የሚል መልዕክት አስተላለፉ። እንስሳቱን ለመጠበቅ በህግ የተያዘን መሬት ለማስለቀቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። ገንዘቡንም በተመለከተ በ2017 የወጣ ጥናት የኒውዚላንድንና የአውስትራሊያዋን ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት መረጃ ወስዶ አስልቶ ነበር፣ የመንግስት የጥበቃ በጀት የተመለሱ እንስሳትን ለመንከባከብ ከዋለ በዛው ብር ሊተርፉ የሚችሉ ብዙ ያሉ ዝርያዎች ይጠፋሉ የሚል ውጤት ነው ያገኘው። ኮሎሳል የሚጠቀመው የኢንቨስተር ብር ስለሆነ ከጥበቃ በጀት አልተቀነሰም የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው፣ ያ ብር አለዚያም ለጥበቃ አይመጣም ነበር። እንስሳው ተወልዶ ከላብራቶሪ ሲወጣ ግን የመቶ ዓመት ጥበቃውን ኢንቨስተር አይከፍልም።

ታዲያ ቴክኖሎጂው ይቁም ወይ? በፍፁም! ያው ቴክኖሎጂ ገና ያልጠፉት ላይ ሲውል ምን እንደሚሰራ እዩ። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር እግር ፌሬት የምትባል ትንሽ ስጋ በል እንስሳ አለች፣ ጠፍታለች ተብላ ነበር፣ በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ ጥቂቶች ተገኙ። ዛሬ ያሉት ከሞላ ጎደል በሙሉ የ7 ፌሬቶች ዘር ናቸው፣ ሁሉም ዘመዳሞች ማለት ነው፣ አንድ በሽታ ሊጨርሳቸው ይችላል። ግን በ1988 የሞተች ዊላ የምትባል ፌሬት ሴል ሳንዲያጎ ውስጥ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ዊላ ከነዚያ 7ቱ ውስጥ የለችበትም፣ ሴሏ ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት ዛሬ ካሉት ይበልጣል። በ2020 ከዛ ሴል ኤልሳቤጥ አን የምትባል ክሎን ተወለደች፣ በ2024 ደሞ አንቶኒያ የምትባል ሌላዋ የዊላ ክሎን ራሷ ወለደች። ከ30 ዓመት በላይ ጠፍቶ የነበረ ደም ወደ ዘሩ ገባ። ለዜና እንደ ነጭ ተኩላ አይማርክም፣ ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እናቶች አሉ፣ የሚኖሩበት ሜዳ አለ፣ የሚማሩት ከማን እንደሆነ ይታወቃል፣ የጎደለው ዲኤንኤ ብቻ ነበር።

አውስትራሊያ ውስጥም ክወል የሚባል ስጋ በል እንስሳ ከውጪ የገባውን መርዛም እንቁራሪት እየበላ ያልቃል፣ እንቁራሪቱ ጋር አብረው የኖሩ የሌላ አህጉር እንስሳት ግን መርዙን የሚቋቋሙበት ትንሽ የጂን ለውጥ አላቸው። ታይላሲንን እንመልሳለን የሚሉት ያው ሳይንቲስቶች ይሄን ትንሽ ለውጥ ወደ ክወል ለማስገባት እየሰሩ ነው። 12 ሚሊዮን ፊደል መቀየር አያስፈልግም፣ የሚቀየረው ጥቂት ነው፣ ምን እንደሚሰራም ይታወቃል።

ስለ ሰሜናዊው ነጭ አውራሪስም እንዲሁ። ሱዳን የሚባለው የመጨረሻው ወንድ ማርች 2018 ላይ ኬንያ ውስጥ ሞተ፣ አሁን ናጂን እና ልጇ ፋቱ ብቻ ናቸው የቀሩት፣ ሁለቱም ማርገዝ አይችሉም። ባዮሬስኪው የሚባለው የሳይንቲስቶች ፕሮጀክት ከፋቱ እንቁላልና ከሞቱ ወንዶች ከተቀመጠ የዘር ፈሳሽ ፅንሶች ሰርቶ በረዶ ውስጥ አስቀምጧል፣ በላብራቶሪ የተሰራ የአውራሪስ ፅንስ በሌላ እናት ማህፀን ሊያድግ እንደሚችልም ጃንዋሪ 2024 ላይ በደቡባዊው ነጭ አውራሪስ ፅንስ አሳይተዋል። እንቁላሉ ግን ከፋቱ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ከአንዲት እናት ብቻ ዘር አይቆምም። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ሳንዲያጎ በረዶ ውስጥ ካሉ የሞቱ አውራሪሶች የቆዳ ሴል ተነስቶ ላብራቶሪ ውስጥ እንቁላልና የወንድ ዘር መስራት ነው፣ ከባድ ስራ ነው፣ ገና አላለቀም፣ ግን እነዛ ሴሎች ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት በህይወት ካሉት ከሁለቱ በጣም ይበልጣል። ይሄ ሁሉ የተቻለው ሰዎች አውራሪሶቹ በህይወት እያሉ፣ ምን እንደሚጠቅም ገና ሳይታወቅ፣ ትንሽ ቆዳ ወስደው ስላስቀመጡ ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ውስጥ ሴላቸው የተቀመጠላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፣ ይሄን ለመስራት ደሞ ምንም አዲስ ግኝት አያስፈልግም፣ ቆዳ የሚወስድ ባለሙያ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅንና በየዓመቱ የማይቋረጥ በጀት ነው የሚፈልገው።